ጩኸቱን ሳይቀንሱ ድምፁን መጨመር

የዛሬው ርእሴ መጀመሪያ ሲሰሙት የጎረምሳ ነገር ይመስላል። ጉዳዩ ስለ ሞተር ሳይክል ስፒከርና አምፕሊፋየር ነው። «ታክሲ ነጂ በሞተር ሳይክል ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ጥቂት ከታገሣችሁኝ ግን ነገሩ ከሞተር ሳይክሉ ወርዶ የየቤታችንን በር ሲያንኳኳ ታገኙታላችሁ። (በጽሑፌ ውስጥ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። አሁን በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እነዳለሁ። ጓደኞቼ ዛሬም የሚጠሩኝ «ቲቸር» እያሉ ነው። ግድግዳ የምንጋራቸው አሜሪካዊ አዛውንት ጎረቤታችንም ይህንኑ ሰምተው «ቲቸር» ይሉኛል። ሰባውን አልፈዋል፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በማተሚያ ቤት መኪና ሥር ነው፤ ባለቤታቸውም ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እንግሊዝኛው አንተና አንቱን ባይለይም እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማነጋግራቸው።

ባለፈው ፀደይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ባለቤቴ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ተረኛ ስለሆነች በእኛ ቤት ሌሊቱ የሚጀምረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ገና ጋደም ማለቷ ነበር። በእግር ጣቴ እየተራመድኩ ሄጄ ብከፍት ሰውዬው ካርቶኖች ታቅፈው ቆመዋል። አራት ስፒከሮች፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ጥቅል ሽቦ።

«ቲቸር፣ ፊዚክስ አስተምር ነበር ብለኸኛል አይደል?» አሉኝ። «የሞተር ሳይክሌ ሬዲዮ መንገድ ላይ አይሰማኝም። ይህን እንድትገጥምልኝ ነው።»

እኔም ያለማመንታት «በደስታ» አልኩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? በዚያ ላይ እውነቱን ልናገርና ካቻቢቴና ቴስተር ይዤ ከተንበረከክሁ ብዙ ዓመቴ ነበርና እጄ በልቶኛል። በሩን ዘግቼ ስመለስ ባለቤቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።

«የሚቀሰቅሰኝን መሣሪያ አንተው ልትገጥምለት ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለእሷ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የሄድኩበት መንገድ ነው።

ለማያውቀው ስለ መሣሪያው ጥቂት ላስረዳ። በመኪና ውስጥ ሬዲዮ መግጠም የቆየ ነገር ነው፤ በቺካጎ የጋልቪን ወንድማማቾች ድርጅት ሞቶሮላ ብሎ የሰየመውን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ያቀረበው በ1930 ነበር። ለረጅም ጉዞ የሚሠሩት ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ግን ቀስ እያሉ ነው መኪናን የመሰሉት። ለምሳሌ የሆንዳው ጎልድ ዊንግ በ1975 ሲወጣ ነፋስ መከለያ እንኳ አልነበረውም፤ በ1980 ግን ከፋብሪካው ትልቅ መከለያና የዕቃ ሻንጣዎች ተገጥመውለት የሚሸጥ ዓይነት መጣ። ዛሬ እንዲህ ያለው ሞተር ሳይክል ፊት ለፊት ሁለት ስፒከር፣ ከኋላ ለተፈናጣጩ ሌላ ሁለት ስፒከር ይኖረዋል። ቀኑን ሙሉ በአውራ ጎዳና ላይ ለሚውል ሰው ሙዚቃ መውደዱ ምን ነውር አለው? እኔም ታክሲዬን ያለ ዘፈን አልነዳም።

ችግሩ ነፋሱ ነው። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሄልሜቱ ሥር ያለው የነፋስ ጩኸት ከ90 ዴሲቤል በላይ እንደሚሆን ተለክቷል። ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል ያህል ነው። እንግዲህ ሙዚቃው ሊሰማ ከፈለገ ይህን ነፋስ ማሸነፍ አለበት። ሰዎች ትልቅ አምፕሊፋየር የሚገዙትም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የድሮ ሥራዬ ትዝ ይበለኝና ጥቁር ሰሌዳ ፊት ልቁም። የአዛውንቱ የቀድሞው ሬዲዮ ለእያንዳንዱ ስፒከር 25 ዋት ይሰጣል፤ አዲሱ አምፕሊፋየር 100 ዋት። «አራት እጥፍ ሊጮኽልኝ ነው» ብለው ነበር የገዙት። ጆሯችን ግን እንደ ገበያ ሚዛን አይቆጥርም። ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ አራት እጥፍ ሲሆን 6። ለጆሮ «እጥፍ ጮኸ» ለማለት ደግሞ 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ስለዚህ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው፣ ባትሪውንና ዲናሞውን አስጨንቀው የሚያገኙት ድምፅ ከቀድሞው እጥፍ እንኳ አይሞላም።

አሁን ደግሞ ሰሌዳውን ገልብጠን በሌላ በኩል እንየው። የነፋስ ጩኸት ከፍጥነት ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ እጅግ ይብሳል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ወደ 96 ዝቅ ቢል፣ እንደ ሄልሜቱና እንደ መከለያው ቢለያይም፣ ጩኸቱ በግምት 5 ዴሲቤል ያህል ይቀንስለታል። ልብ በሉ! አምፕሊፋየሩ የሚሰጠው 6 ነው፤ እግርን ሰብሰብ፣ እጅን ላላ ማድረግ ደግሞ 5 ይሰጣል፤ ያውም በነጻ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህም ይሠራል። ሰውየውን ከሙዚቃው የከለከለው ነፋስ ከሌላ የመጣ አይደለም፤ ራሳቸው በፍጥነታቸው የሠሩት ነው።

ይህ ሒሳብ ከወጣልኝ በኋላ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ድምፅ አልሰማ ሲለን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ይጨምርልኝ?» ብለን ነው። «ከጩኸቱ ውስጥ የእኔ ድርሻ ስንት ነው?» ብሎ የሚጀምር ግን ጥቂት ነው።

አገር ቤት በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መስጠት ሲጀመር እኔ ገና ለማስተማር የወጣሁ ወጣት ነበርኩ። በፕላዝማው ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ አቁም ቢሉት አያቆም፣ ድገም ቢሉት አይደግም። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች «ቲቸር አይሰማም!» ይሉኛል፤ ድምፁን እጨምራለሁ። አሁንም «አይሰማም!» ይላሉ፤ እስከ መጨረሻው እጨምራለሁ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ድምፁስ ይሰማል፤ ነገሩ ነው የማይሰማው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅና ነገር ሁለት መሆናቸውን አልረሳሁም። ድምፁ የተረፈበት፣ ነገሩ ግን የጠፋበት ስንት ቦታ አለ!

ወደ ባለቤቴ ጥያቄ ልመለስ። መጀመሪያ ለራሴ የሰጠሁት ሰበብ «እኔ ባልገጥምለት ሌላው ይገጥምለታል» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ በከፈለ ሰው የሚገጥም ጋራዥ ሞልቷል። ነገር ግን ይህን ሰበብ ቀረብ ብዬ ሳየው ደስ አላለኝም። እስቲ አስቡት፤ በዓለም ላይ ከተሠራው ክፉ ሥራ ስንቱ ነው «እኔ ባልሠራው ሌላ ይሠራዋል» በሚል ሰው እጅ ያለፈው? ሌላው ሠራውም አልሠራውም የእኔ እጅ የእኔ ናት። ደግሞስ ሰበቡ እውነት ቢሆን ኖሮ በመልካም ሥራም ላይ በሠራ ነበር፤ «እኔ ባልረዳው ሌላ ይረዳዋል» ብሎ የሚመጻደቅ ግን አላየሁም።

ሁለተኛው ሰበቤ «ጆሮው የራሱ ነው» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች የሚመክረው ጣሪያ ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ከሆነ አንድ ሰዓት፣ 100 ከሆነ ሩብ ሰዓት ብቻ። ነፋሱ ብቻውን ከ90 በላይ በሆነበት ላይ፣ እሱን የሚያሸንፍ ሙዚቃ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ 15 ሺህ ገደማ ጥቃቅን ባለፀጉር ሴሎች አሉ። በወፎች ላይ እነዚህ ሴሎች ሲሞቱ ሲተኩ ታይቷል፤ የሰው ግን አንዴ ከሞተ አይተካም። ክፋቱ ደግሞ ጆሮው የደከመ ሰው ድምፅ ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥርም ይበልጥ ይደክማል። እያወቁ ለዚህ መተባበር «ጆሮው የራሱ ነው» በሚል ብቻ ይታለፋል? ቢያንስ መንገር አይገባም?

ቀሪው ግማሽ ግን ጭራሽ እውነት አይደለም፤ ምክንያቱም ድምፅ በባለቤቱ ጆሮ ላይ አያቆምም። መኪና በሩና መስኮቱ ሲዘጋ ድምፁን ይይዛል፤ ሞተር ሳይክል ግን ግድግዳ የለውም። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አንድ ሜትር ላይ 95 ከሆነ፣ ስምንት ሜትር ላይ ወደ 77 ነው። የእኛ መኝታ ቤት መስኮት ከሰውየው ሞተር ማቆሚያ ስምንት ሜትር ቢሆን ነው። ባለቤቴ የጠየቀችኝ ይህን ነበር፤ ያለ ቁጥር ጠየቀችኝ እንጂ።

ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ሳይቀር ብዙ ያከራከረ ነው። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ያለ ፖሊስ አዛዡ ፈቃድ በድምፅ ማጉያ መናገርን የከለከለውን የሎክፖርት ኒው ዮርክ ደንብ ሻረው፤ የመናገር ነጻነት በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም በማለት። በዓመቱ በ1949 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት፣ በመንገድ ላይ ከመጠን በላይ የሚጮኹ ባለ ድምፅ ማጉያ መኪኖችን የከለከለውን የትሬንተን ኒው ጀርሲ ደንብ አጸናው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የገባኝ፣ የመናገር መብት አለ ማለት የግድ አዳምጡኝ የማለት መብት አለ ማለት እንዳልሆነ ነው።

ከሁሉ የማረከኝ ግን በዚሁ በእኔ ከተማ የሆነው ነው። በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ የዋሽንግተን የትራምና የአውቶቡስ ኩባንያ በተሽከርካሪዎቹ ውስጥ ስፒከር ሰቅሎ ማስታወቂያ ጣልቃ የሚገባበት የሬዲዮ ሙዚቃ ማሰማት ጀመረ። አንዳንድ ተሳፋሪዎች ከሰሱ። በ1952 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአብላጫ ድምፅ «ሕገ መንግሥቱን አይጥስም» ብሎ ለኩባንያው ፈረደ። ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን ተቃወሙ፤ ወደ ሥራው ለመሄድ የተሳፈረ ሰው ምርኮኛ አድማጭ ነው፣ መውረጃ የለውም የሚል ነበር ሐሳባቸው። ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ደግሞ ጨርሶ ከችሎቱ ራሳቸውን አገለሉ፤ በጉዳዩ ራሳቸው ተጎጂ ስለሆኑና ስሜታቸው ስለተነካ በገለልተኝነት መፍረድ እንደማይሆንላቸው ገልጸው። እኔ ከፍርዱ ይልቅ የእሳቸው ነገር ደስ ይለኛል። ጩኸት የነካው ሰው ስለ ጩኸት መዳኘት እንዳቃተው ማመኑ ትልቅነት ነው።

በተሽከርካሪ ሙዚቃ ላይም በግልጽ የወጡ ሕጎች አሉ። የፍሎሪዳው ሕግ ከ25 ጫማ፣ ማለትም ከ7.6 ሜትር ርቀት በግልጽ የሚሰማን የመኪና ሙዚቃ ይከለክል ነበር። የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ሻረው። አንዱ ምክንያት ሕጉ ለንግድና ለፖለቲካ የሚጮኹትን መኪኖች ነጻ ማድረጉ ነበር። እውነትም፣ ሸቀጥ የሚያስተዋውቀው እንዲጮኽ ተፈቅዶለት ለደስታው የሚያዳምጠው የሚቀጣበት ምክንያት ምንድን ነው? በ2022 ምክር ቤቱ ደንቡን አስተካክሎ መልሶ አወጣው። እንግዲህ ሕጉ እንዲህ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሕግ የሚነግረን የማያስቀጣውን ነው፤ የሚያስመሰግነውን አይደለም። የጎረቤት እንቅልፍ በሜትር ተለክቶ በሕግ ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ ጉርብትና ቀርቷል ማለት ነው።

እስካሁን በጩኸት ላይ ብቻ ፈረድኩ፤ ለሌላውም ወገን ልናገር። ከ1988 እስከ 2019 ድረስ በየዓመቱ በግንቦት ማብቂያ፣ ሜሞሪያል ዴይ ሲደርስ፣ ሮሊንግ ተንደር በሚል ስም ሞተረኞች ዋሽንግተንን ያጥለቀልቁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሰልፉ በሌላ ስም ቀጥሏል። ታክሲ ነጂ የሆነ ሁሉ ያን ቀን ያውቀዋል፤ መንገዱ ተዘግቶ፣ ተሳፋሪው ተማርሮ፣ ማርሚታው እያስተጋባ መዋል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እኔም ረግሜያቸዋለሁ። በኋላ አንድ ተሳፋሪ ነገሩን አስረዳኝ። በጦርነት ተማርከው ወይም ጠፍተው የቀሩ ወታደሮች እንዳይረሱ ነው የሚጮኹት። የጠፋ ልጁን በሬዲዮ ያስጠራ ከሚበዛበት አገር የመጣሁ ሰው ይህን ስሰማ እርግማኔን ዋጥ አደረግሁ። ዝም ቢሉ ማን ያስታውስላቸው ነበር? እኛስ ብንሆን በስደት አገር ሰልፍ ስንወጣ ድምፃችን ይሰማ ብለን አይደል የምንጮኸው? ስለዚህ መጮኽ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ለምን፣ በማን ላይ፣ እስከ መቼ የሚለው ነው።

ደግሞ እኛም ብንሆን ንጹሓን አይደለንም። በሠርጋችን አዳራሽ ዲጄው ስፒከሩን ከሰቀለበት ሰዓት ጀምሮ ከኦሃዮና ከቴክሳስ ተጉዘው የመጡ ዘመዳሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በእጅ ምልክት ሲነጋገሩ አላያችሁም? ከአሥር ዓመት በኋላ የተገናኙ አብሮ አደጎች አንዱ የሌላውን ጆሮ ይዞ ሲጮኽ? እናቶች መሐረባቸውን አጣጥፈው ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ? «ትንሽ ቀንስልን» የሚል ሽማግሌ ሲነሣ ደግሞ «ጨዋታ አያውቁም» ይባላሉ። ሠርጉ የተጠራው ዘመድ ከዘመድ እንዲገናኝ ነበር፤ ድምፁ ተጨምሮ መገናኘቱ ቀረ። ያቺ ተማሪዬ እንዳለችው ነው።

ይህን ሁሉ ካሰላሰልኩ በኋላ በሳምንቱ እሁድ ሰውየው ጋራዥ ገባሁ። ሒሳቡን በካርቶኑ ጀርባ ላይ ጽፌ አሳየኋቸው። በደንብ ነው የተከታተሉኝ፤ ሠላሳ ዓመት ከማተሚያ መኪና ጋር የኖሩ ሰው ማሽን ይገባቸዋል። ግን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ካልሆነ ግማሹን እንደማይሰሙኝ ያን ዕለት አስተዋልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ሙዚቃ የሚያስጮኹ ሰውዬ» ብለን ያማናቸው፣ ጆሯቸው የደከመ ሰው ናቸው። ማተሚያው ነው የበላው። ጠዋት ጠዋት ሞተራቸውን ከማስነሣታቸው በፊት ሬዲዮውን ሲከፍቱ እኛ ግድግዳ ድረስ መምጣቱን አያውቁትም ነበር። እኛም በይሉኝታ አልነገርናቸውም። ሳይናገሩ ማማረር የእኛ ድርሻ ነበር።

«እስቲ የፊቱን እንቀይር፤ የኋለኛው ስፒከር ግን ለምን? ከኋላ የሚቀመጥ የለ» አልኳቸው።

ቶሎ አልመለሱልኝም። ጨርቁን አንሥተው የኋለኛውን መቀመጫ ጠረጉት። ከዚያ፣ «እሷ ትኖር በነበረ ጊዜ ከኋላ አይሰማኝም ትለኝ ነበር። እቀይርልሻለሁ እያልኩ ስምንት ዓመት አለፈ» አሉኝ።

ሁለቱ ዘወትር የሚሄዱት ቨርጂኒያ ውስጥ በብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ ወደሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ ነበር። መንገዱ 169 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ የተፈቀደው ፍጥነት ደግሞ በሰዓት 35 ማይል፣ 56 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ፍጥነት ነፋሱ ራሱ ዝግ ይላል፤ የቀድሞው ሬዲዮ እንኳ ይሰማል። ጩኸቱ የነበረው እዚያ ለመድረስ በሚከንፉበት በአውራ ጎዳናው ላይ ነው። ይህን ስነግራቸው ፈገግ አሉና «እዚያ ላይ እሷ ራሷ ነበረች የምትዘፍነው» አሉ።

እንግዲህ ምን አደረግሁ? ገጠምኩላቸው። የፊቱንም የኋላውንም። ነገር ግን እንደ አቅሜ በወጉ ገጠምኩት። ስፒከሮቹ በትንሽ ጉልበት ብዙ ድምፅ የሚሰጡ ዓይነት ስለነበሩ አምፕሊፋየሩን ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩት። ትንንሽ ስፒከር የማይችለውን ወፍራም ድምፅ ቆረጥኩ፤ እሱ ነው ግድግዳ አልፎ የሚሄደው። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አደረግሁ። የፊት መስታወቱን ከፍ ባለ እንዲቀይሩት፣ ከሙዚቃው በፊት የጆሮ መሰኪያ እንዲገዙ መከርኳቸው። ይህ መጀመሪያ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋሱ በጆሮ ላይ ሲቀንስ ሙዚቃው ይበልጥ ይጠራል። የሐኪም ምርመራም እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። ገንዘብ ሊሰጡኝ ሲሉ «ዋጋዬ ከቤትዎ እስከ መንገዱ ማዞሪያ ድረስ ያለው ዝምታ ነው» አልኳቸው። ባለቤቴ ሌሊት እንደምትሠራም ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ሰውየው ደነገጡ። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም?» አሉኝ። ለዚህም መልስ አልነበረኝም።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ አልልም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ ረስተውት በራችን ፊት ከፈቱት፤ ባለቤቴም ተነሣች። እኔ ተቆጥቼ ልወጣ ስል እሷ ከለከለችኝና ራሷ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ድምፁ ግን ወዲያው ጠፋ፤ ሞተሩን ሳያስነሡ እስከ ማዞሪያው ድረስ ገፍተው ሲወስዱት በመስኮት አየኋቸው። ያ ሁሉ ክብደት ያለው ብረት! ሮጬ ወርጄ ከኋላ ገፋሁላቸው።

ስለዚህ ለባለቤቴ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ አዎ፣ ገጠምኩት፤ ግን መግጠም ብቻውን እርዳታ አይደለም። እርዳታ ማለት ሰውየው የጠየቀውን ብቻ ሳይሆን፣ የጎደለው ምን እንደሆነ አብሮ መፈለግ፣ በጥያቄው ውስጥ ያልተጠራውንም ሦስተኛ ሰው ማስታወስ ነው። በዚህ ታሪክ ሦስተኛዋ ሰው ግድግዳው ማዶ የተኛችው ነበረች።

አሁን ታክሲዬ ውስጥ ሬዲዮውን ከመክፈቴ በፊት ተሳፋሪዬን እጠይቃለሁ፤ እሱም ለጊዜው መውረጃ የለውምና። አዲስ አበባ ስደውልም፣ እኅቴ «ወንድምዓለም፣ ምን ያስጮኽሃል? እሰማሃለሁ እኮ!» ስትለኝ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ርቀቱ በጩኸት የሚያጥር ይመስል ስንቶቻችን እየጮኽን እንደምናወራ አስተውላችሁ ይሆን?

እናንተስ፣ ውድ አንባቢያን፣ በግድግዳችሁ ማዶ ያለው ሰው መቼ እንደሚተኛ ታውቃላችሁ? እሱስ የእናንተን ያውቃል? ካላወቀ መንገሩ የማን ፋንታ ነው?